የማያፈስ ሰው

ትናንት ሌሊት አቶ እንግዳወርቅ ሕልም አዩ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። እሳቸው ግን ፈቺ ፍለጋ የሚሄዱ ሰው አይደሉም፤ ፈቺ ቤት ሲኬድ ባዶ እጅ አይኬድምና።

ሕልሙ እንዲገባን ከምሽቱ መጀመር አለብን። አቶ እንግዳወርቅ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ነፋስ በማያርፍበት ሰፈር የሚኖሩ አከራይ ናቸው። ከዋናው ቤታቸው ጀርባ በአንድ ረድፍ የተሠሩ አራት የጭቃ ክፍሎች አሏቸው፤ በአራቱም ተከራይ አለ። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የተሰቀለውም አቶ እንግዳወርቅ ከሚተኙበት ክፍል ግድግዳ በስተውጭ፣ ልክ በራስጌያቸው በኩል ነው። ጋደም ባሉ ቁጥር ቆጣሪው ሲዞር የሚሰሙ ይመስላቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ ምንም አይሰማም ቢሏቸው፣ "አንቺ መች ከፍለሽ ታውቂያለሽ፤ ላንቺ ምን ብሎ ይሰማል" ይላሉ።

ሰሞኑን ደግሞ የቀበሌው ኮሚቴ ለየቤቱ የኃይል ቁጠባ ደረጃ እሰጣለሁ ብሎ ተነሣ። ደረጃው አረንጓዴ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ የግቢ በር ላይ ይመታል። ጎረቤታቸው አቶ ደጀኔ ሦስተኛ ደረጃ አገኙና ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮውን በኮታቸው እጅጌ ሲወለውሉ ታዩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና ነገሩ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ እንግዳወርቅ እህል አልወርድ አላቸው። ከደጀኔ መብለጥ አለባቸው። ለእሳቸው የኃይል ቁጠባ ማለት ቆጣሪውን ቀስ ብሎ እንዲዞር ማድረግ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ስለ ጣሪያ፣ ስለ ግድግዳ ስንጥቅ፣ ስለ በር ስር ክፍተት የሚያነሣ ሰው ሲገጥማቸው ወጪ ሊያስወጣቸው የመጣ ጠላት ይመስላቸዋል።

ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ወይም የሚያውቁ ይመስላቸዋል። በመጨረሻው ክፍል የምትኖረው ስንዱ ናት። ስንዱ በቅርቡ ወልዳለች። ባሏ ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ነው። የክፍሏ በር ከመሬቱ ጋር አይተዋወቅም፤ በመካከላቸው ድመት ሳታጎነብስ ታልፋለች። ነፋሱም በዚያው ስለሚገባ ስንዱ ከሕፃኑ አጠገብ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ታበራለች። ኮሚቴው ነገ ጠዋት ይመጣል በተባለበት ምሽት አቶ እንግዳወርቅ ምድጃውን ሊወስዱ ሄዱ።

"ጋሼ፣ ይኼን የበሩን ስር ቢያስደፍኑልኝ እኮ ምድጃም አያስፈልገኝ" አለቻቸው ስንዱ፣ ልጇን በፎጣ ጠቅልላ እንዳቀፈች።

"ክፍተቱ ዛሬ አልመጣም። ካንቺ በፊት የነበሩትም ኖረውበታል።"

"እነሱ አራስ አልነበሩማ።"

"ብርድ ልጅ ያጠነክራል። እኔም በብርድ ነው ያደግሁት።"

"እሱስ ያስታውቃል" አለች ስንዱ ቀስ ብላ።

አቶ እንግዳወርቅ እንዳልሰማ ሆነው ምድጃውን ነቅለው ወጡ። ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበርና በጋቢያቸው ጠቅልለው ነው የወሰዱት። ኮሚቴው ከሄደ በኋላ እመልስላታለሁ ብለው ለራሳቸው ተናግረው አልጋቸው ስር ከተቱት። ከልባቸው ይሁን ከአፋቸው እኔ አላውቅም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚያ ሁለት ብርድ ልብስ ደራርበው ተኙ።

በሕልማቸው ከግቢ ሲወጡ ፀሐይ ወጥታለች። የምትለቀው ግን ብርድ ነው። ሰው ሁሉ ከፀሐይዋ እየሸሸ ጥላ ለጥላ ይሄዳል። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰዎች ተራ እየጠበቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብተው ይሞቃሉ። ባለሱቁ የማቀዝቀዣውን በር እያንኳኳ፣ "ይበቃሃል፣ ላብህ እስኪንጠባጠብ ነው እንዴ? ሌላውም ይሙቅ እንጂ" ይላል። የመንገዱ መብራቶች በጠራራ ፀሐይ በርተው ጨለማ ያፈሳሉ። ከሥራቸው የቆሙ ሰዎች አይታዩም፤ ሰላምታቸው ብቻ ይሰማል።

አቶ እንግዳወርቅ በዚህ አልተደነቁም፤ በሕልም ማን ይደነቃል። ትንሽ የከነከኗቸው በጎቹ ናቸው። በጎቹ ጋቢ ደርበው በየጸጉር ቤቱ ተቀምጠዋል፤ ሰው ይሸልታሉ። አንድ ሙክት የአንድ ፖሊስ ጸጉር ሸልቶ ከጨረሰ በኋላ በሁለት ጣቱ ፈተግ ፈተግ አድርጎ አየው። በግ ጣት ከየት አመጣ እንዳትሉኝ።

"ይኼ ለትራስም አይሆን" አለ ሙክቱ። "ምን እየበላህ ነው የምትኖረው?"

"በግ" አለ ፖሊሱ፤ ወዲያው በድንጋጤ አፉን ያዘ።

አቶ እንግዳወርቅ የሚከተለውን ለማየት አልቆዩም። ገበያው ዘንድ ሲደርሱ ቤቶች ግራና ቀኝ ቆመው አዩ። ቪላ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ሱቅ፣ አንዲት የዘበኛ ቤት ሳትቀር ከየሰፈሩ ተነቅለው መጥተዋል። በመካከላቸው ሰዎች ተሰልፈዋል። ሰልፉን የሚያስተናብረው ክራቫት ያሰረ አህያ ነው። ደላላ መሆኑ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ክራቫቱን ያኝካል።

"ቤት ፈልገው ነው ጌታው?" አላቸው።

"ቤትስ አለኝ። እንዲያውም አራት ክፍል አከራያለሁ።"

አህያው ጥርሱን እስከ ድዱ አሳይቶ ሳቀ። "ቤት አለኝ ይላል ሰውዬው። እዚህ አገር ቤት ነው ሰው ያለው። ይሰለፉ፣ የሚፈልግዎት ቤት ካለ ይወስድዎታል።"

"በምን አይተው ነው የሚወስዱኝ?"

"በሚያፈሱት ሙቀት ነዋ። ሰው ደረጃ ወጥቶለታል እኮ። አልሰሙም?"

አቶ እንግዳወርቅ ደረጃ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ቆመ። ኮታቸውን ቆልፈው ተሰለፉ። "አንተስ በማን ቤት ነህ?" ብለው አህያውን ጠየቁት፣ ጊዜ ለመግፋት።

"ጅብ ነው አከራዬ። በአንድ ቆጣሪ ነው የምንኖረው።"

"አይበላህም?"

"ኧረ ደግ ሰው ነው። ጭማሪ ሲያስብ ብቻ ትንሽ ነከስ ያደርገኛል። እሱንም ቀደም ብሎ አስታውቆ ነው።"

ደረጃውን የሚያወጣው ቆጣሪ ነው። የደንብ ልብስ ለብሶ፣ በሆዱ ላይ መስታወቱ እያብረቀረቀ፣ የሰው ሸሚዝ እየከፈተ ሰው ያነባል። ከአቶ እንግዳወርቅ ፊት አንዲት ቆሎ ሻጭ ነበረች። ቆጣሪው ደረቷ ላይ ጆሮውን አሳርፎ ብዙ ቆየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይቺ ሴት ወንፊት ናት" አለ። "በዓይኗ ታፈሳለች፣ በእጇ ታፈሳለች፣ የተሳደባትን ሰው ሳይቀር ታሞቃለች። አጠገቧ የተቀመጠው ውሻ እንኳ ላብ በላብ ሆኗል። አንደኛ ደረጃ።"

ቤቶቹ ተጋፉ። አንድ ረጅም የመስታወት ፎቅ ሁሉንም ገፍቶ ወጣና ሴትዮዋ እግር ላይ ወደቀ። መስታወቱ እየተንቀጫቀጨ፣ "እኔን፣ እኔን እመቤቴ። ሲያዩኝ አምራለሁ እንጂ ቀን እሳት ነኝ፣ ማታ በረዶ ነኝ፣ ውስጤ ሰው አይበረክትም። አንድ ሌሊት እንኳ ይደሩብኝ" እያለ ለመነ። ሴትዮዋ ግን አንዲት የጎበጠች የጭቃ ቤት መረጠች። ቤቲቱ አዝላት እየዘፈነች ሄደች። ፎቁ ከወደቀበት ሳይነሣ አለቀሰ።

ተራው የአቶ እንግዳወርቅ ሆነ። ቆጣሪው ኮታቸውን ከፍቶ አዳመጠ። በብብታቸው ስር ፈለገ። አፋቸውን አስከፍቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጫማቸውን አስወልቆ በተረከዛቸው በኩል ሞከረ። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ይኼ ሰው አያፈስም" አለ።

አቶ እንግዳወርቅ ደረታቸውን ነፉ። "አላፈስም" አሉ። "ከእኔ ወጥቶ የባከነ ነገር የለም። እናቴ በሕይወት ብትኖር ትመሰክር ነበር፤ ስታለቅስ ነው የሞተችው በዚሁ ጉዳይ።"

"በጭራሽ? አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለህም?"

"አንዲትም። ጎረቤት ይመስክር።"

ከዳር የቆመው ቪላ መጋረጃውን ዘጋ። የዘበኛ ቤቷ በርግጋ ከአህያው ጀርባ ተደበቀች። ቆጣሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰባተኛ ደረጃ" አለ።

"ከስንት?"

"ከሦስት።"

አቶ እንግዳወርቅ ሊከራከሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ገበያው የለም። ስንዱ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጠዋል፤ በስንዱ ልጅ ፎጣ ተጠቅልለዋል። ፎጣው አልበቃቸውም። ጉልበታቸውን ሲያለብሱ ትከሻቸው ይወጣል፣ ትከሻቸውን ሲያለብሱ ጉልበታቸው ይወጣል። በሩ ተከፈተና የስንዱ ልጅ ገባ። የአቶ እንግዳወርቅን ኮት ለብሷል፤ ኮቱ ልኩ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የቁልፍ ዘለላ እያንቀጨለ፣ ግድግዳውን ቃኘ። አከራይ ወደ ተከራይ ክፍል ሲገባ እንደሚቃኘው ማለት ነው።

"መብራት አብርታችሁ አመሻችሁ ትናንት" አላቸው ሕፃኑ።

"መቼ አመሸሁ ጋሼ?" አቶ እንግዳወርቅ ሕፃኑን ጋሼ ማለት አልከበዳቸውም፤ ብርድ ትሕትና ያስተምራል። "ይልቅ ይኼ የበሩ ስር ክፍተት..."

"እሱ የቤቱ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ክፍተት ነው።"

"ቢደፈን ብዬ ነው።"

"ተደፍኖ ነፋሱ በየት ይግባ? ነፋሱም ተከራይ ነው፤ ካንተ በፊት ነው የገባው። ደግሞ ባለጌ አይደለም፣ ሰው አይጠራ፣ ልብስ አያጥብ።"

ይህን ሲል ነፋሱ በበሩ ስር ሻንጣውን እየጎተተ ገባ። ሰላም ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ምስማር ላይ ሰቀለ፣ "እስቲ ፈቀቅ በሉ አባቴ" ብሎ አጠገባቸው ተጋደመና ፎጣውን ወደ ራሱ ሳበ። አቶ እንግዳወርቅ ያቺን ፎጣ ለማስጣል ታገሉ። ነፋስ ደግሞ ሲይዙት የለም፣ ሲለቁት አለ።

"በረደኝ ጋሼ" አሉ። ድምፃቸው የሕፃን ሆኖባቸዋል።

"ብርድ ሽማግሌ ያጠነክራል" አለ ሕፃኑ። "እኔም በብርድ ነው ያደግሁት። ትናንት ማታ።"

አቶ እንግዳወርቅ አፈሩ። ሕልም ነው ብለው የማይታለፍ፣ ከጆሮ ግንድ ጀምሮ የሚያቃጥል እፍረት ነው ያፈሩት። ሕፃኑ እግሩ ባዶ መሆኑን ያን ጊዜ አዩ። ጣቶቹ ባቄላ ያክላሉ፤ ወደ ሰማያዊ ሄደዋል። እንዲያ ሆኖም ቁልፉን እያንቀጨለ ቆሟል፤ አከራይ ነውና አይበርደኝም ማለት አለበት።

ቆጣሪውና ቤቶቹ ከውጭ ተሰብስበው በመስኮቱ ይመለከታሉ። ፎቁ አጎንብሶ በአንድ መስኮቱ አጮልቋል። "ቀዳዳ እናውጣለት" ይላል አንዱ። "በጆሮው በኩል ይሻላል፤ ሰምቶበት ስለማያውቅ አዲስ ነው።" "ኧረ በኪሱ፣ ሙቀቱ ሁሉ እዚያ ነው የተከማቸው።" አህያው መሮ ይዞ መጣ፤ የሚጀምርበት ቦታ ጠፍቶት በክራቫቱ አናታቸውን ለካ።

"ቆይ" አሉ አቶ እንግዳወርቅ። "መሮ አያስፈልግም። ምድጃውን እመልሳለሁ።"

"የትኛውን?"

"የልጁን። አልጋዬ ስር ነው ያለው። በሩንም ነገ አናጢ አምጥቼ አስደፍናለሁ። ወጪው ከእኔ ይሁን።"

"ከእኔ ይሁን" የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ እሳቸውም ደነገጡ፤ ተናግረውት አያውቁም። ወዲያው ከእግር ጥፍራቸው አንድ ነገር ለብ እያለ ወጣ። ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ የነፋሱን ሻንጣ ነካ። ነፋሱ ቀና ብሎ፣ "ይኼ ቤት ሰው ገብቶበታል መሰለኝ" አለና ካልሲውን ከምስማሩ አውርዶ ተጫማ። ሕፃኑ ቁልፎቹን ጣለ። ኮቱን እየጎተተ መጣና ደረታቸው ላይ ወጥቶ ተኛ። አቶ እንግዳወርቅ የሕፃኑን እግር በመዳፋቸው ያዙ። ልጅ ከወለዱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ የሕፃን እግር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ረስተውት ነበር። ደስ አላቸው። ለምን ደስ እንዳላቸው ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እሳቸውም ሳይቆጥሩት፣ ዝም ብሎ ደስ አላቸው።

"ስድስተኛ" አለ ቆጣሪው በመስኮቱ። "አምስተኛ። ኧረ ይኼ ሰውዬ መጣ። ሦስተኛ። ቤቶች ተዘጋጁ፣ ሁለተኛ..."

"አንተ ሰውዬ፣ አትነሣም? ኮሚቴው ግቢ ገብቷል እኮ።"

ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው፤ ትከሻቸውን ይዘው ይንጧቸዋል። ነግቷል። ከውጭ የሰው ድምፅና የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። አቶ እንግዳወርቅ ወርደው አልጋ ስር ገቡ፣ ምድጃውን ስበው አወጡ፣ ጫማ ሳያደርጉ እየሮጡ ወደ ኋላ ዞሩ። አመዳዩ ገና አልቀለጠም። እግራቸው ሥር እየተሰበረ እስከ መጨረሻው ክፍል ሄዱ።

የስንዱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፍራሽ የለም፣ ድስት የለም፣ የልጅ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ሳይቀር ተፈትቷል።

"የት ሄደች?" አሉ ከኋላ ወደተከተሏቸው ባለቤታቸው ዞረው።

"ሸዋ ሮቢት፣ እህቷ ዘንድ። ገና ሳይነጋጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነው ያደረው፤ ቆላ ይሻለዋል አለች።" ወይዘሮ በላይነሽ ጨመሩ፤ "ልቀስቅስልሽ ብላት፣ ተይው፣ ሞቆት ይተኛ አለች።"

ክፍሉ ውስጥ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ቢተው ቆመዋል። ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ፣ በሩ ስር አጎንብሰው ያያሉ፣ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት ደስ ያሰኛቸው ይመስል እፍ እፍ ይላሉ።

"እንዲህ ያለ ክፍል አይተን አናውቅም አቶ እንግዳወርቅ" አሉ። "አንድ ነገር አይበላ፣ አንድ ነገር አያባክን። ቆጣሪዎን ስናይ ከመቆም አይተናነስም። ለዚሁ ክፍል ስንል ነው ግቢውን ሁለተኛ ደረጃ የሰጠነው። አቶ ደጀኔ ይህን ሲሰሙ በቅናት ይሞታሉ።"

"ይኼን ምድጃ ልመልስላት ነበር" አሉ አቶ እንግዳወርቅ። ድምፃቸው አልወጣም ማለት ይቻላል።

"እሱንም ነቅለው አወጡት? በርቱ" አሉ ሰብሳቢው፤ ምድጃውን ከእጃቸው ተቀብለው ለአንዱ የኮሚቴ አባል አቀበሉት። "ለሌላው ማስተማሪያ ይሆናል።"

ከዚያ መዶሻቸውን ይዘው ወጡና የቀሩትን ሦስት ክፍሎች በዓይናቸው ለኩ። ተከራዮቹ በየበራቸው ቆመዋል። አንደኛው በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ አንደኛዋ ሻይ የያዘ ኩባያ በሁለት እጇ አቅፋለች።

"እንግዲህ አንደኛ ለመሆን የቀረዎት እነዚህ ሦስቱ ናቸው" አሉ አቶ ቢተው። "እነሱንስ መቼ ነው እንዲህ የሚያደርጓቸው?"

"ሰው እኮ ይኖርባቸዋል" አሉ አቶ እንግዳወርቅ።

"አዎ፣ ችግሩንማ አይተነዋል" አሉ ሰብሳቢው፣ የቆርቆሮውን ምስማር ከከንፈራቸው እያወጡ።